መርፌው አፈር እስኪነካ

ባዮሎጂ አስተምራለሁ። የአበባና የፍሬ ምዕራፍ ሲደርስ ክፍል ውስጥ የማበቅለው ኦቾሎኒ ነው። ባቄላ ይቀላል፤ እርጥብ ጥጥ ላይ ጣል ቢያደርጉትም ይበቅላል። ነገር ግን ተማሪዎቼ ባቄላን ከታችኛው ክፍል ጀምሮ ስለሚያውቁት አይደነቁበትም።

ኦቾሎኒ ሙቀት ይወዳል፤ በአገራችን የሚታወቅበት ባቢሌና ጉርሱም ነው። የአዲስ አበባ ሌሊት አይመቸውም፣ ደጅ ቢተከል ይቀጭጫል። ፀሐይ የሚገባበት መስኮት ካገኘ ግን ቤት ውስጥ ይሆናል። የካቲት ላይ እተክላለሁ፣ ትምህርት ከመዘጋቱ በፊት እንዲደርስልኝ። ዘሩ ጥሬ፣ ቀዩ ስስ ቆዳው ያልተላጠ መሆን አለበት። ለዕቃ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን አጋድሜ ላዩን እቀደዋለሁ፣ ታቹን እበሳዋለሁ። ጠባብና ረጅም ማሰሮ ያምራል እንጂ ለኦቾሎኒ አይሆንም፤ ምክንያቱ ወደ በኋላ ነው የሚገባው።

ቅጠሉ አራት አራት እየሆነ ይወጣል፣ ሲመሽም ይታጠፋል። ይህን ያዩ የማታ ተማሪዎች «ቲቸር፣ ውሃ ጠምቶታል!» ብለው ያጠጡታል። አልጠማውም፤ ልማዱ ነው። ውሃ ሲበዛበት ደግሞ ይበሰብሳል።

ከአንድ ወር በላይ ቆይቶ ከግንዱ ሥር ቢጫ አበባ ያወጣል። ጠዋት ፈክቶ በዚያው ቀን ይጠወልጋል። በገዛ ብናኙ ስለሚፀንስ ንብ አያስፈልገውም። ጉዱ የሚጀምረው ከዚህ ወዲያ ነው፦ አበባው ከነበረበት ቦታ ሐምራዊ፣ ሹል መርፌ ይወጣና ቁልቁል ያድጋል። ጫፉ ላይ የፀነሰውን ዘር ይዟል። አፈር ውስጥ ገብቶ ጨለማ ሲያገኝ ወደ ጎን ዞሮ ያብጣል፣ ቅርፊት ያበጃል። አንዱ ቅርንጫፍ ሥር ላስቲክ አነጥፋለሁ። እዚያ ያረፉት መርፌዎች መርፌ እንደሆኑ ይደርቃሉ፤ አጠገባቸው አፈር ያገኙት ያፈራሉ። ሰፊ ዕቃ የፈለግሁትም ለዚሁ ነው፤ ቅርንጫፎቹ ከጠርዝ ወጥተው አየር ላይ ከተንጠለጠሉ ድካሙ ከንቱ ነው። በዚህ ሰሞን አፈሩን መጠቅጠቅም ሆነ ዕቃውን ማንቀሳቀስ ክልክል ነው።

አንዳንዴ ቅርፊቱ ሞልቶ ውስጡ ባዶ ይሆናል። አንዱ ትልቁ ምክንያት የካልሲየም እጥረት ነው። ሥር የሚስበው ካልሲየም ከውሃው ጋር ወደ ቅጠል ይወጣል፣ ወደ ታች አይመለስም፤ ስለዚህ ፍሬው የሚፈልገውን በራሱ ቅርፊት በኩል ከከበበው አፈር መምጠጥ አለበት። በሰፊው የሚያመርቱ ገበሬዎች አበባ ሲታይ ካልሲየም ያለበትን ጂፕሰም የሚበትኑት ለዚህ ነው። እንግዲህ «ኦቾሎኒ ሥር ነው» ብሎ የሚከራከር ተማሪ ካለ፣ ከአበባ የሚወጣ ሥር አሳየኝ እለዋለሁ።

ሰኔ ላይ ስንነቅለው ምርቱ እፍኝ ቢሆን ነው። ሻጋታ የነካውን አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ሊኖርበት ስለሚችል እጥለዋለሁ። ከቀረው ላይ ዘር የሚሆነኝን፣ አንዱ ወስዶ ሳይቆላው በፊት፣ መሳቢያዬ ውስጥ እቆልፍበታለሁ።