የላኪው ስምና የባንክ ሰነድ

በኢትዮጵያ ልማድ ሰው የሚጠራው በራሱ ስም ነው፤ ቀጥሎ የሚጻፈው የአባቱ ነው። የአውሮፓ ደንበኛ ግን የኋለኛው የቤተ ሰብ ስም እየመሰለው አበበ ከበደ ለተባለ ነጋዴ ሲጽፍ «ክቡር አቶ ከበደ» ይላል፤ አቶ ከበደ ምናልባት በሕይወት የሉም። ይህስ በሣቅ ይታለፋል። ጉዳት የሚያደርሰው ሌተር ኦፍ ክሬዲት ሲከፈት ነው። ከሰኔ 1999 ዓ.ም. ጀምሮ በሚሠራበት ዓለም አቀፍ ደንብ፥ ባንኩ ቢበዛ በ5 የሥራ ቀን የሚመረምረው ሰነዱን እንጂ ሰውየውን አይደለም። ስሙ በአንዱ ወረቀት ከነአያቱ፥ በሌላው ያለ አያቱ ቢጻፍ፥ ወይም «ጸጋዬ» የሚለው በላቲን ፊደል ሁለት ዓይነት ሆኖ ቢገኝ፥ ቡናው ከጂቡቲ ተጭኖ ከሄደ በኋላ ክፍያው ሊታገድ ይችላል። ስለዚህ ላኪው ውል ሳይፈረም አስቀድሞ፥ ስሙ እንዴት እንደሚጻፍና በየትኛው እንደሚጠራ ለደንበኛው ቢያስታውቅ ይበጀዋል።