የአፕል ዛፍ ዘንድሮ ሞልቶ ለከርሞ ለምን ይነጥፋል?

እንደ ጨንቻ ባሉ አፕል አብቃይ ደጋማ አካባቢዎች፣ ቅርንጫፉ እስኪጎብጥ ያፈራ ዛፍ በቀጣዩ ዓመት ቅጠል ብቻ ይዞ ሊያልፍ ይችላል። ጥፋቱ ብዙ ጊዜ ለአፈሩ ወይም ለዝናቡ ይሰጣል። ዋነኛው ምክንያት ግን ያለፈው ዓመት የፍሬ ብዛት ሊሆን ይችላል።

አፕል የከርሞውን የአበባ እምቡጥ የሚያዘጋጀው የዘንድሮው ፍሬ ገና እንጭጭ ሳለ ነው። በእንጭጩ ውስጥ ያለው ዘር ጅብሬሊን የተባለ የዕድገት ሆርሞን ያመነጫል፤ ሆርሞኑም በአቅራቢያው ያለው እምቡጥ ወደ አበባነት እንዳይለወጥ ይገታል። ፍሬው በበዛ ቁጥር የከርሞው አበባ ይመናመናል። ዛፉ በቀጣዩ ዓመት ያለ ፍሬ ሲያርፍ ደግሞ ከልክ በላይ እምቡጥ ይቋጥርና ዑደቱ ይደገማል። ጎልደን ዴሊሺየስ የተባለው ዝርያ ለዚህ ጠባይ ይበልጥ የተጋለጠ ነው።

መፍትሔው ፍሬውን ማሳሳት ነው፤ ወሳኙም ጊዜው ነው። አበባው ሙሉ በሙሉ ከፈነዳ በኋላ ባሉት 40 ቀናት ገደማ ውስጥ ሥራው መጠናቀቅ ይኖርበታል። ከዚያ በኋላ ቢሳሳ የቀረው ፍሬ ይወፍራል፣ ቅርንጫፍም ከመሰበር ይድናል፤ ለከርሞው አበባ ግን እምብዛም አይፈይድም። ቅጠሉን በእጅ አርግፎ ዛፉ እንዲያብብ በሚደረግባቸው አካባቢዎች የአበባው ወቅት ከማሳ ማሳ ስለሚለያይ፣ ቀኑ የሚቆጠረው ከራሱ ከዛፉ አበባ እንጂ ከጎረቤት ማሳ አይደለም።

ጊዜው እንደ ዛፉ ዓይነትም ይለያያል። በአሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶች የሚለማው ፔካን የተባለው ቅርፊታም ፍሬ ተመሳሳይ ጠባይ አለው፤ እዚያ ግን የሚሳሳው በበጋቸው አጋማሽ፣ የፍሬው ውስጥ ሳይጠጥር፣ ግንዱን በማሽን በመነቅነቅ ነው። ለአፕል ያን ያህል መዘግየት ዕድሉን ማሳለፍ ይሆናል።

አንድ የአፕል አበባ ዘለላ አብዛኛውን ጊዜ ከ5 እስከ 6 አበባ ይይዛል። ቀድሞ የሚፈነዳው የመሃለኛው ሲሆን ፍሬውም ብዙውን ጊዜ ትልቁ ነው። ከየዘለላው አንድ ፍሬ ብቻ ማስቀረት፣ በፍሬና በፍሬ መካከልም ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ማራቅ ይመከራል። በቅድሚያ የሚነሡት ነፍሳት የበሏቸው፣ የተጣመሙና የቀጨጩ ናቸው። ፍሬውን ጎትቶ መንጨት አይገባም። ፍሬ የያዘችው አጭር ቅርንጫፍ አብራ ከተገነጠለች፣ የቀጣዮቹ ዓመታት አበባ የሚወጣው ከእርሷ ነውና ጉዳቱ ይብሳል፤ የፍሬውን ዘንግ በመቀስ መቁረጥ ይሻላል።

የያዘን ፍሬ መሬት ላይ መጣል ለአምራች ቀላል አይደለም። ሆኖም ድካሙ ለሁሉም ዛፍ አያስፈልግም፤ በግቢም ሆነ በማሳ፣ ዘንድሮ ጥቂት አበባ ብቻ ያወጣው ሳይነካ ይቆይ፤ ጉልበቱ ከላይ እስከ ታች ባበበው ላይ ይዋል።