የነጭ ዓባይ አገሮች፦ ከፎገራ ሜዳ ወደ ደቡብ ሲታይ

ከጉና ተራራ የሚነሡት የርብና የጉማራ ወንዞች የፎገራን ሜዳ አቋርጠው ጣና ይገባሉ፤ ከጣና የሚወጣው ዓባይም ወደ ሱዳን ወርዶ ካርቱም ላይ ከነጭ ዓባይ ጋር ከተቀላቀለ በኋላ ግብፅን አልፎ ሜዲትራኒያን ባሕር ይደርሳል። በወረታም ሆነ በአንበሳሜ የሚኖር ሰው ይህን የወንዙን ጉዞ ከልጅነቱ ጀምሮ ሲሰማ ያደገ ነው፤ ካርቱምና ካይሮም ስማቸው በየዜናው ስለሚነሣ ባዕድ አይሆኑበትም። ነጭ ዓባይ የሚነሣባቸውና የሚያልፍባቸው ሰባት አገሮች፣ ማለትም ቡሩንዲ፣ ሩዋንዳ፣ ታንዛኒያ፣ ኬንያ፣ ኡጋንዳ፣ የኮንጎ ዲሞክራቲክ ሪፐብሊክና ደቡብ ሱዳን ግን ለአብዛኛው አንባቢ ከስም ያለፈ ትርጉም የላቸውም። እነዚህ አገሮች ከኢትዮጵያ፣ ከኤርትራ፣ ከሱዳንና ከግብፅ ጋር አሥራ አንዱን የዓባይ ተፋሰስ አገሮች ይመሠርታሉ፤ ተፋሰስ ማለት የዝናብ ውሃው ተሰብስቦ ወደ አንድ ወንዝ የሚወርድበት መሬት በሙሉ ነው።

ኢትዮጵያ ስለ ዓባይ ስትነጋገር ዓይኗ ለረጅም ጊዜ ወደ ታች፣ ወደ ካይሮ ብቻ ሲመለከት መኖሩ የሚያስቆጭ ነው። ለዚህም ሁለት ምክንያት አለ። ግንቦት 6 ቀን 2002 ዓ.ም. ኡጋንዳ ውስጥ በእንቴቤ ከተማ ለፊርማ የቀረበው የዓባይ ተፋሰስ የትብብር ማዕቀፍ ስምምነት ሥራ ላይ እንዲውል ስድስት አገሮች እንዲያጸድቁት ግድ ነበር፤ ካጸደቁት ስድስቱም ከኢትዮጵያ በስተቀር አምስቱ፣ ሩዋንዳ፣ ታንዛኒያ፣ ኡጋንዳ፣ ቡሩንዲና ደቡብ ሱዳን፣ ሁሉም የነጭ ዓባይ አገሮች ናቸው። ሁለተኛው ምክንያት ለፎገራ ነዋሪ ይበልጥ የቀረበ ነው፤ ዛሬ በጣና ላይ የሚታየው የእምቦጭ አረም ችግር ከነዚህ አገሮች በአንዳንዶቹ ከሃያ ዓመት በላይ አስቀድሞ ደርሶ ብዙ የተማሩበት ነው።

ነጭ ዓባይን ከምንጩ ለመከተል የሚፈልግ ሰው ጉዞውን የሚጀምረው ከሩዋንዳና ከቡሩንዲ ኮረብታዎች ነው። ሁለቱ አገሮች ተደምረው 54 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት ብቻ ስላላቸው የአማራ ክልልን አንድ ሦስተኛ ያህል ቢሆኑ ነው። በደቡብ ቡሩንዲ በሩቶቩ አቅራቢያ ከሚገኝ ምንጭ አጠገብ ጀርመናዊው ቡርክሃርት ቫልዴከር እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ያሠራው ትንሽ የድንጋይ ፒራሚድ የቆመ ሲሆን፣ ሩዋንዳውያን በበኩላቸው የወንዙ እጅግ ሩቁ ምንጭ በኛ በኒዩንግዌ ደን ውስጥ ነው ይላሉ። ከሁለቱም ወገን የሚወርደው ውሃ ሩሱሞ ከተባለው ፏፏቴ አቅራቢያ ተገናኝቶ ካጌራ በሚባለው ወንዝ ወደ ቪክቶሪያ ሐይቅ ይገባል፤ በሩሱሞም 80 ሜጋ ዋት የሚያመነጭ የኃይል ማመንጫ ተሠርቶ ሩዋንዳ፣ ቡሩንዲና ታንዛኒያ በጋራ ይጠቀሙበታል።

ሩዋንዳ በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር ከ500 በላይ ሰው የሚኖርባት አገር በመሆኗ ገደላገደሉ ሁሉ የታረሰ ነው፤ ገበሬውም ድንች፣ ባቄላ፣ ማሽላና ሙዝ ያመርታል፣ በሸለቆው ረግረግም ሩዝ ይዘራል። የደራና የፎገራ ገበሬ ይህን ኑሮ ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም፤ እሱም ከላይ በተዳፋት መሬት ላይ አፈሩ እንዳይታጠብበት እርከን ይሠራል፣ ከታች ውሃ በሚተኛበት ሜዳ ደግሞ በደርግ ዘመን ከሰሜን ኮሪያ በመጣ ዘር የለመደውን ሩዝ ያመርታል። በጥርና በየካቲት በየቀበሌው ለተፋሰስ ሥራ እንደሚወጣው ሕዝብ ሁሉ፣ ሩዋንዳውያንም በየወሩ የመጨረሻ ቅዳሜ ኡሙጋንዳ በሚሉት የጋራ ሥራ ይወጣሉ።

ካጌራ ግን የተሸከመው አፈርና ውሃ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1994 በሩዋንዳ በቱትሲዎች ላይ በተፈጸመው የዘር ማጥፋት ወቅት የሟቾች አስከሬን በወንዙ እየተንሳፈፈ እስከ ቪክቶሪያ ሐይቅ ድረስ ደርሶ ነበር፤ በሐይቁ ዳር የሚኖሩ ኡጋንዳውያን ዓሣ አጥማጆችም አስከሬኖቹን እያወጡ ቀብረዋል፣ የጅምላ መቃብሮቹም ዛሬ በኡጋንዳ የሐይቅ ዳርቻ መታሰቢያ ተደርጎላቸው ይገኛሉ። በዚያው ዓመት ኢትዮጵያ ለተባበሩት መንግሥታት የሰላም ማስከበር ተልእኮ ጦር ወደ ሩዋንዳ ልካለች።

ቪክቶሪያ ሐይቅ 68,800 ካሬ ኪሎ ሜትር ስፋት ስላለው ጣናን ሃያ ሦስት ጊዜ ያህል ያጥፈዋል፤ ታንዛኒያ ግማሽ ያህሉን፣ ኡጋንዳ ከዚያ ጥቂት ያነሰ፣ ኬንያ ደግሞ ጥቂቱን ይዘዋል። አብዛኛው ውሃው በቀጥታ በላዩ ከሚዘንበው ዝናብ የሚገኝ ነው። እምቦጭ በዚህ ሐይቅ ላይ የታየው እ.ኤ.አ. በ1989 እና በ1990 አካባቢ ሲሆን፣ ከደቡብ አሜሪካ የመጣው ይህ አረም ከሩዋንዳ በካጌራ ወንዝ ተንሳፍፎ እንደገባ ይታመናል። እ.ኤ.አ. በ1998 ገደማ በሐይቁ ላይ የተነጠፈው አረም ወደ 20 ሺህ ሄክታር ይጠጋ ነበር፤ በኬንያ የኪሱሙ ወደብ መርከቦች መንቀሳቀስ አቃታቸው፣ ዓሣ አጥማጆች ጀልባቸውን ከዳር ማውጣት ተሳናቸው፣ በኡጋንዳ ጂንጃ ደግሞ የኃይል ማመንጫው የውሃ መግቢያ በአረሙ ተደፈነ።

ሦስቱ አገሮች በእጅ ለቀማና በማሽን ብዙ ከደከሙ በኋላ የተሻለ ውጤት ያዩት በጥቃቅን ነፍሳት ነው። እነዚህ ነፍሳት ከነቀዝ ወገን የሆኑ፣ የእምቦጭ የትውልድ አገር ከሆነው ከደቡብ አሜሪካ የተገኙና ከእምቦጭ በቀር ሌላ ተክል የማይጎዱ ጢንዚዛዎች ናቸው። ጎልማሳው ጢንዚዛ ቅጠሉን በጥቃቅን ጠባሳ እየፋቀ ይመገባል፤ እንቁላሉን በግንዱ ውስጥ ይጥላል፤ የሚፈለፈለው ትልም ግንዱን እየቦረቦረ ወደ ሥሩ ሲወርድ ተክሉ ውሃ እየሞላበት ይከብድና ይሰጥማል። ኡጋንዳ እ.ኤ.አ. በ1995 መጨረሻ፣ ኬንያ ደግሞ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ነፍሳቱን አርብተው ለቀዋል፤ እ.ኤ.አ. በ2000 አካባቢም አረሙ በአብዛኛው የሐይቁ ክፍል በእጅጉ ቀነሰ። እ.ኤ.አ. በ1997 እና በ1998 በኤልኒኞ ምክንያት የጣለው ከባድ ዝናብና የተነሣው ማዕበልም አረሙን ሰባብሮ እንደረዳ ሳይንቲስቶች ይከራከራሉ፤ የእምቦጭ ዘር በጭቃ ውስጥ ለረጅም ዓመታት ሳይሞት ስለሚቆይም አረሙ በኪሱሙ ባሕረ ሰላጤ እየተመላለሰ ይታያል።

በጣና ላይ እምቦጭ በይፋ የታወቀው በ2004 ዓ.ም. አካባቢ ነው፤ ከዚያም ከሰሜኑ ዳርቻ ተነሥቶ ወደ ሊቦ ከምከም፣ ወደ ፎገራና ወደ ደራ ተስፋፋ። ገበሬው በዘመቻ እየወጣ፣ እስከ ደረቱ ውሃ ውስጥ ገብቶ አረሙን በእጁ ሲነቅል ታይቷል፤ ይህን ያህል ድካም ያፈሰሰ ሕዝብ የኪሱሙና የጂንጃ ሰዎች ምን ሞክረው ምን እንዳገኙ ሊነገረው ይገባ ነበር። ነፍሳቱ በዓመትና በሁለት ዓመት ሳይሆን በብዙ ዓመታት ውስጥ ውጤት የሚያሳዩ መሆናቸውን፣ አረሙንም ከማሳ ታጥቦ የሚወርደው ማዳበሪያና ከከተማ የሚፈስሰው ቆሻሻ እንደሚቀልበው የቪክቶሪያ ዳርቻ ሰዎች በተግባር ያውቁታል።

ሌላው ከቪክቶሪያ የሚገኝ ትምህርት የዓሣ ነው፣ እሱም መራራ ነው። ጣና ከጢስ ዓባይ ፏፏቴ በላይ በመሆኑ ከታች ያሉት ዓሦች ሊወጡበት አልቻሉም፤ በዚህም ምክንያት ነጭ ዓሣ በሚባለው ወገን ውስጥ በዓለም ሌላ ቦታ የማይገኙ አሥራ አምስት ያህል ዝርያዎች ኖረውበታል፤ ከእነዚህም በርካታዎቹ በክረምት መውጫ እንቁላላቸውን ለመጣል ወደ ጉማራና ወደ ርብ ሽቅብ ይወጣሉ። ቪክቶሪያም በመርቺሰን ፏፏቴ ምክንያት እንዲሁ ተለይቶ የኖረ ሐይቅ ሲሆን፣ የራሱ የሆኑ በመቶዎች የሚቆጠሩ ትናንሽ ዓሦች ነበሩት። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ግን ለምርት ሲባል የናይል ፐርች የተባለ ትልቅ አዳኝ ዓሣ በሰው እጅ እንዲገባ ተደረገ፤ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ቁጥሩ እጅግ በመብዛቱ የታንዛኒያዋ ሙዋንዛን የመሳሰሉ ከተሞች ዓሣ ወደ አውሮፓ ልከው ሀብት ሲያገኙበት፣ ከሐይቁ ነባር ዝርያዎች ብዙዎቹ ለዘለዓለም ጠፉ። የጉማራና የርብ አፍ መረብ የሚዘረጋበት ቦታ ሆኖ መቅረቱ ምን ሊያስከትል እንደሚችል ለሚያስብ ሰው ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አይገኝም።

ነጭ ዓባይ ከቪክቶሪያ የሚወጣው ጂንጃ በተባለችው የኡጋንዳ ከተማ ነው። በዚያ የነበረው የሪፖን ፏፏቴ እ.ኤ.አ. በ1954 የኦወን ፏፏቴ ግድብ ሲመረቅ በውሃ ተዋጠ። ኡጋንዳ በዚያን ጊዜ የእንግሊዝ ጥገኛ ነበረች፤ እንግሊዝም እ.ኤ.አ. በ1929 ከግብፅ ጋር በተለዋወጠችው ደብዳቤ መሠረት በግዛቶቿ ውስጥ የዓባይን ውሃ የሚነካ ሥራ ያለ ግብፅ ፈቃድ እንደማይሠራ ተስማምታ ስለነበር፣ ግብፅ ለግድቡ ከፍታ መጨመሪያ ገንዘብ ከፍላ፣ ከሐይቁ የሚለቀቀውን ውሃ የሚቆጣጠር መሐንዲሷን ጂንጃ ላይ አስቀመጠች። የታንዛኒያው መሪ ጁሊየስ ኔሬሬ አገራቸው እ.ኤ.አ. በ1961 ነፃ ስትወጣ ቅኝ ገዥዎች የተዋዋሉት ውል በሁለት ዓመት ውስጥ እንደገና ካልተፈረመ አያስገድደንም የሚል አቋም ያዙ፤ ታንዛኒያም ከዓመታት በኋላ ግብፅን ሳታስፈቅድ የቪክቶሪያን ውሃ በቧንቧ ስባ ለደረቃማዎቹ የካሃማና የሺንያንጋ ከተሞች አደረሰች። የኢትዮጵያ መከራከሪያ በሌላ አገር አፍ፣ በሌላ ምክንያት ሲነገር መስማት ለዚህ አገር አንባቢ ትልቅ ዋጋ አለው።

ከጂንጃ በታች ኡጋንዳ ግድብ በግድብ ላይ ሠርታለች፤ ከሁሉ ትልቁ 600 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ካሩማ እ.ኤ.አ. በ2024 ተመርቋል። ወንዙ ከዚያ አልፎ በመርቺሰን ላይ ሰባት ሜትር ገደማ በሆነ የቋጥኝ ስንጥቅ ውስጥ ተጨንቆ ይወድቅና ኡጋንዳና ኮንጎ የሚጋሩትን አልበርት ሐይቅ ይነካል። ወደዚሁ ሐይቅ የሚገባው የሴምሊኪ ወንዝ በሩዌንዞሪ ተራሮች ሥር የሚያልፍ ነው፤ ከተራሮቹ ከፍተኛው ጫፍ 5,109 ሜትር ከፍታ ስላለው ከራስ ዳሽን ይበልጣል፣ ምድር ወገብ አጠገብ ሆኖም በረዶ አለው። ኮንጎ ከዓባይ ያላት ድርሻ በምሥራቅ ጠርዟ ያለ ጠባብ መሬት ነው፤ ኢትዮጵያውያን ግን አገሪቱን በሌላ መንገድ ያውቋታል፣ ምክንያቱም እ.ኤ.አ. ከ1960 ጀምሮ በተባበሩት መንግሥታት ሥር ጠቅል ብርጌድ የተባለው ጦር እዚያ ዘምቷል፣ ሌተና ጄነራል ከበደ ገብሬም የጠቅላላው የሰላም ኃይል አዛዥ ሆነው አገልግለዋል።

ወንዙ ደቡብ ሱዳን ሲገባ ሜዳው ስለሚዘረጋ ውሃው ሱድ በተባለው ሰፊ ረግረግ ውስጥ ተበትኖ ደንገል፣ ሸምበቆና ሣር ይሞላዋል፤ ደንገሉም የጣና ሰዎች ታንኳ የሚሠሩበት ተክል ነው። ከሚገባው ውሃ ግማሽ ያህሉ በፀሐይ ተንኖ እዚያው ይቀራል። ይህን ውሃ ለማዳን ሲባል ለሱዳንና ለግብፅ ጥቅም እ.ኤ.አ. በ1978 መቆፈር የጀመረው 360 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው የጆንግሌይ ቦይ፣ ረግረጉን የሚያደርቅና የዲንካና የኑዌር አርብቶ አደሮችን የከብት ግጦሽ የሚያጠፋ ነው ተብሎ በብርቱ ተነቀፈ፤ ወደ 260 ኪሎ ሜትር ከተቆፈረ በኋላም በሱዳን የእርስ በርስ ጦርነት ምክንያት ቆመ። በዚያ ጦርነት የደቡብ ሱዳንን ትግል የመሩት ጆን ጋራንግ አሜሪካ ውስጥ በአዮዋ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ጥናታቸውን ያቀረቡት በዚሁ በጆንግሌይ ጉዳይ ላይ ነበር።

ከማላካል ከተማ በላይ የኢትዮጵያው ባሮ ውሃውን የሚያደርስበት የሶባት ወንዝ ከነጭ ዓባይ ጋር ይቀላቀላል፤ ከረግረጉ የተረፈው ውሃና ከኢትዮጵያ የሚመጣው ውሃ በመጠን ተቀራራቢ ስለሆኑ፣ ነጭ ዓባይ ሱዳን የሚገባው ግማሽ ያህሉን ከኢትዮጵያ ተቀብሎ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 ነፃ የወጣችው ደቡብ ሱዳን የእንቴቤውን ስምምነት ያጸደቀችበትን ሰነድ እ.ኤ.አ. በኦገስት 2024 ለአፍሪካ ኅብረት ስታስረክብ ስድስተኛዋ አገር ሆነች፤ ስምምነቱም ከስድሳ ቀን በኋላ፣ ጥቅምት 3 ቀን 2017 ዓ.ም. ሥራ ላይ ዋለ።