ፈሳሽን የሚከለክል፣ ላብን የሚያስወጣ ልብስ

ለአንድ ቀዶ ሕክምና ብቻ ተለብሶ የሚጣለው ጋውን ተራ ልብስ ቢመስልም፣ ንድፉ ሁለት ተቃራኒ ፍላጎቶችን ማስታረቅ አለበት፤ የታካሚው ደም ወደ ሐኪሙ እንዳይዘልቅ መከልከል፣ በመብራት ሥር ለሰዓታት የሚቆመው ሐኪም ላብ ደግሞ በእንፋሎት መልክ እንዲወጣ መፍቀድ። አብዛኛው ጋውን የሚሠራው ፖሊፕሮፒሊን ከተባለ ፕላስቲክ ሲሆን፣ ፕላስቲኩ ቀልጦ ወደ ጭረት ከተቀየረ በኋላ ሳይሸመን በሙቀት ተጣብቆ ጨርቅ ይሆናል። ሦስት ንብርብር ሲደራረብም የውጭዎቹ ሁለቱ ጥንካሬን፣ እጅግ ቀጫጭን ጭረቶች ያሉት መካከለኛው ደግሞ ፈሳሽን የመመከት አቅምን ይሰጣሉ።

ፒቢ70 የተባለው የአሜሪካ መስፈርት ጋውኖችን በ4 ደረጃዎች ይመድባል። ደረጃ 2 ቁመቱ 20፣ ደረጃ 3 ደግሞ 50 ሴንቲሜትር የሆነ የውሃ ዓምድ የሚያሳድረውን ግፊት መቋቋም ሲኖርባቸው፣ ደረጃ 4 ግን የሚፈተነው ባክቴሪያን ብቻ በሚያጠቃና ሰውን በማይጎዳ፣ ስፋቱ ወደ 27 ናኖሜትር በሚጠጋ ቫይረስ ነው፤ አንድ ናኖሜትር የሚሊሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ነው።

መከላከያው በሁሉም ቦታ እኩል አይደለም፤ ለፈሳሽ አብዝተው የሚጋለጡት ከደረት እስከ ጉልበት ያለው የፊት ክፍልና እጅጌው ስለሆኑ ጀርባው ስስ ሊሆን ይችላል። ዋናው ፈተና ግን ስፌቱ ነው፤ የመርፌ ቀዳዳ ምርጡን ጨርቅ ከንቱ ስለሚያደርገው፣ ጥሩ ጋውን መጋጠሚያው በአልትራሳውንድ ይበየዳል ወይም በሙቀት በሚጣበቅ ቴፕ ይሸፈናል። ተለጣጩ የእጅጌ ጫፍ ግን እንደ ሹራብ የተሠራ በመሆኑ ፈሳሽ ያሳልፋል፤ ስለዚህ ምንጊዜም ሙሉ በሙሉ በጓንት መሸፈን ይኖርበታል።