ፍሪሲዮን የሌለው ፒክአፕ ሲያስቸግር

ማኅበራችሁ አሮጌ የናፍጣ ፒክአፕ ይኖረው ይሆናል። ሲያዩት ከሌሎቹ አይለይም። በሩን ከፍታችሁ ወደ ታች ብታዩ ግን ፔዳሎቹ ሁለት ብቻ ናቸው፤ ፍሬንና ነዳጅ መስጫ። ፍሪሲዮን የለውም። ይህ አውቶማቲክ ካምቢዮ ያለው መኪና ነው። ማርሹን ሹፌሩ አይቀያይርም፤ ካምቢዮው ራሱ ይቀይራል።

እንዲህ ያለ መኪና እህል ጭኖ አቀበት ላይ ሲቆም፣ ሞተሩ ብቻ ሲጮህ፣ «ካምቢዮው ሞቷል፤ ይቀየር» የሚል ሰው አይጠፋም። ካምቢዮ ማስቀየር ጥማድ በሬ የሚያሸጥ ወጪ ነው። ስለዚህ ገንዘቡ ከሣጥን ከመውጣቱ በፊት እናንተው ራሳችሁ የምታዩት ነገር አለ።

መጀመሪያ አሠራሩን እንወቅ። የውሃ ወፍጮ አይታችኋል? ውሃው መዘውሩን ይመታል። መዘውሩ ሲዞር ድንጋዩ ይዞራል። ውሃውና መዘውሩ በብረት አልተያያዙም፤ የሚያዞረው የውሃው ግፊት ነው። አውቶማቲክ ካምቢዮም እንደዚሁ ነው። በሞተሩና በካምቢዮው መካከል እንደ ድስት የተዘጋ ክብ ነገር አለ። ቶርክ ኮንቨርተር ይባላል። በውስጡ ፊት ለፊት የሚተያዩ ክንፍ ያላቸው መዘውሮች አሉ። አንዱን ሞተሩ ያዞረዋል፤ እሱም ዘይት ይወረውራል፤ ዘይቱ ሌላውን ይገፋል። ከዚያ በኋላ ያሉትን ማርሾች የሚይዙ ቀጫጭን ዲስኮች አሉ። እነሱንም አጥብቆ የሚጨምቃቸው የዘይት ግፊት ነው። ዘይቱ ሲጎድል እንግዲህ ወፍጮው ውሃ አጣ ማለት ነው። መኪናው አንዴ ይይዛል፣ አንዴ ይለቃል።

ስለዚህ መጀመሪያ ዘይቱን ለኩ። ብዙ ሹፌር የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የሞተር ዘይት የሚለካው ሞተሩ ጠፍቶ ነው። የካምቢዮ ዘይት ግን በአብዛኞቹ መኪኖች የሚለካው ሞተሩ እየሠራ ነው። ሞተሩ ከጠፋ ዘይቱ ወደ ታች ስለሚወርድ፣ የጎደለው ሙሉ መስሎ ይታያል።

አለካኩ እንዲህ ነው። መኪናውን ሩብ ሰዓት ያህል ነድታችሁ አሙቁት። ሜዳ ቦታ ላይ አቁሙት። የእጅ ፍሬኑን ሳቡ። ሹፌሩ የእግር ፍሬኑን ረግጦ የማርሽ ዘንጉን በሁሉም ፊደላት ላይ ቀስ ብሎ ያሳልፈው። በመጨረሻ «ፒ» ላይ ይመልሰው። («ኤን» ላይ የሚለኩም አሉ፤ የመኪናው መጽሐፍ ካለ እሱን ተከተሉ።) ኮፈኑን ስትከፍቱ ነጠላና ጋቢ አውልቁ፤ ማራገቢያው ይዞራል፣ ልብስ ይጎትታል። የካምቢዮውን ዘይት መለኪያ ምዘዙ፤ የሞተሩ መለኪያ ሌላ ነው። ክር በማይለቅ ንጹሕ ጨርቅ ጥረጉት፣ እስከ መጨረሻው መልሳችሁ ክተቱት፣ እንደገና ምዘዙና አንብቡ። ዘይቱ ለሙቅ በተደረጉት ሁለት ምልክቶች መካከል መሆን አለበት። ከጎደለ ጥቂት ጥቂት እየጨመራችሁ ለኩ። መትረፉም ጥሩ አይደለም፤ ዘይቱ አረፋ ያወጣል፣ ግፊቱም ይጠፋል። የሞተር ዘይት ግን በጭራሽ እንዳትጨምሩ። የዘይቱ ዓይነት ብዙ ጊዜ በመለኪያው ላይ ተጽፏል። በብዙ አሮጌ ፒክአፖች የሚገባው ዴክስሮን የተባለው ነው።

ልኩን ካያችሁ ዘንድ ቀለሙንም እዩ፤ አሽትቱትም። አዲሱ ዘይት አብዛኛውን ጊዜ ቀይ ነው። ጠቁሮ የተቃጠለ ሽታ ካለው ዲስኮቹ እየተቃጠሉ ነው። ወተት የገባበት ሻይ ከመሰለ ደግሞ ውሃ ገብቶበታል። በብዙ መኪኖች የካምቢዮው ዘይት የሚበርደው በራዲያተሩ ውስጥ በሚያልፍ ቱቦ ነው፤ ቱቦው ሲቀደድ ውሃውና ዘይቱ ይቀላቀላሉ። ይህን ስታዩ ሞተሩን አጥፉ። «እስከ ከተማ ያድርሰን» አትበሉ።

ዘይቱ ልክ ሆኖ፣ ንጹሕም ሆኖ መኪናው አቀበት አልወጣ ካለስ? የሞተሩን ድምፅ አዳምጡ። ሞተሩ እየጮኸ መኪናው ካልሄደ፣ ካምቢዮው እየለቀቀ ነው። ሞተሩ ራሱ እየደከመ፣ ድምፁ እየወረደ ከሄደ ግን ችግሩ ካምቢዮው ላይ ላይሆን ይችላል። የናፍጣ ማጣሪያው ቆሽሾ ወይም የአየር ማጣሪያው በአቧራ ተደፍኖ ይሆናል። የእኛ አገር የበጋ አቧራ የታወቀ ነው። በማጣሪያ ጥፋት ካምቢዮ የሚወርድበት ጊዜ አለ!

ሌላም አለ። በብዙ አሮጌ የናፍጣ መኪኖች ከናፍጣው ፖምፓ ወደ ካምቢዮው የሚሄድ ቀጭን ሽቦ አለ። ሹፌሩ ነዳጅ ምን ያህል እንደረገጠ ለካምቢዮው የሚነግረው ይህ ሽቦ ነው። ሽቦው ሲላላ ግፊቱ ያንሳል፤ ማርሹ ቶሎ ቶሎ ይቀየራል፣ ዲስኮቹም እየተንሸራተቱ ይቃጠላሉ። ከልክ በላይ ሲወጠር ደግሞ ማርሹ ዘግይቶ፣ መኪናውን እየመታ ይቀየራል። ማስተካከሉ ለሚያውቅ መካኒክ አጭር ሥራ ነው፤ ለማያውቅ ግን አትስጡት።

ቁልፍ ሲዞር ሞተሪኖው ዝም ካለ፣ ባትሪውን ከመውቀሳችሁ በፊት የማርሽ ዘንጉን እዩ። «ዲ» ላይ ሆኖ አይነሣም። የሚነሣው «ፒ» ወይም «ኤን» ላይ ነው። ባትሪው በእርግጥ ከደከመም ሰው ሰብስባችሁ አትግፉት። እንደ ሌላው መኪና በግፊያ አይነሣም፤ ካምቢዮው ውስጥ ያለው የዘይት ፖምፕ የሚዞረው በሞተሩ ነው።

አነዳዱም ያበላሸዋል። አንድ ቶን የሚጭን ፒክአፕ ማለት 10 ኩንታል የሚጭን ማለት ነው፤ 15 አይደለም። ጭቃ ውስጥ ሲገባም «ዲ» እና «አር» እያፈራረቁ ነዳጅ መርገጥ ዘይቱን ያፈላዋል። በአካፋ መቆፈር ይሻላል። ረጅም ቁልቁለት ላይ፣ ለምሳሌ ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ ሲወረድ፣ ከ1 ሺህ ሜትር በላይ ዝቅታ ነው። እዚያ ማርሹን በ«ዲ» ትቶ በፍሬን ብቻ መውረድ ፍሬኑን ያነድዳል። «2» ወይም «ኤል» ላይ አድርጋችሁ ሞተሩ ራሱ መኪናውን ይያዘው።

መንገድ ላይ ቆሞ መጎተት ግድ ቢሆንስ? የኋላ ጎማዎቹ መሬት ላይ እየዞሩ ሩቅ አይጎተትም። ሞተሩ ስለማይሠራ ዘይት አይዘዋወርም፤ የካምቢዮው ብረት ያለ ዘይት ይፋተጋል። ደህና የነበረው እዚያው ይሞታል። ወይ የኋላው ተነሥቶ ይጎተት፣ ወይ ከካምቢዮው ወደ ኋላ የሚሄደው ረጅም ዘንግ ይፈታ። አራቱም ጎማ የሚጎትት መኪና ከሆነ የፊቱም ዘንግ ይፈታ። ከሁሉ የሚሻለው በሌላ መኪና ላይ መጫን ነው።

ጋራዥ ስትደርሱ «ተበላሸ» ብላችሁ ብቻ አትተዉት። ከቆመበት ተነሥቶ «ዲ» ሲገባ ይዘገያል ወይ? ሲሞቅ ነው የሚብሰው ወይስ ሲቀዘቅዝ? ወደ ኋላስ ይሄዳል? ይህን ሹፌሩ በወረቀት ጽፎ ይያዝ። መካኒኩ የካምቢዮውን የታች ክዳን ሲከፍት ከጎኑ ቁሙ። በውስጡ ያለው ማግኔት ላይ ስስ ግራጫ ዝቃጭ ቢገኝ በአሮጌ መኪና ያለ ነው። የብረት ስብርባሪ ቢገኝ ግን ካምቢዮው ይፈታል። ዝቃጩ ስስ ከሆነ ማጣሪያውንና ዘይቱን አስቀይሩ። በአንድ ጊዜ የሚወርደው ዘይት ግማሽ ያህሉ ወይም ከዚያ በታች ነው፤ የቀረው ቶርክ ኮንቨርተሩ ውስጥ ነውና፣ የወረደውን በጣሳ ለክታችሁ ያንኑ ያህል መልሱ።