ከቅጠሉ ጋር የሚዋጠው እርሳስ

እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣ አንድ ጥናት አሜሪካ ውስጥ በቦስተን አካባቢ ካሉ የደቡብ እስያ ሸቀጥ መሸጫ ሱቆች የተገዙ 70 የአዩርቬዳ መድኃኒቶችን መርምሮ ነበር። አዩርቬዳ የሕንድ ጥንታዊ ሕክምና ነው። ከ70ዎቹ በ14ቱ ውስጥ እርሳስ፣ ሜርኩሪ ወይም አርሰኒክ ተገኘ። በአንዱማ የእርሳሱ መጠን በግራም 37 ሚሊግራም ደርሷል፤ ይህ እድፍ ሳይሆን የመድኃኒቱ አንድ ክፍል ነው።

መርዛማ ማዕድን ሳይታሰብ ከአፈር፣ ከመስኖ ውኃ ወይም ከወፍጮ ሊገባ ይችላል። ከባዱ ጉዳይ ግን ሆን ተብሎ የሚጨመረው ነው። ራሳ ሻስትራ የሚባለው የአዩርቬዳ ዘርፍ ማዕድናትን ከዕፅዋት ጋር ያዋሕዳል፤ ደጋግሞ በእሳት ማቃጠል መርዙን ያጠፋል ብሎም ያምናል። እሳት ቅጠልን ያከስላል፣ ተሕዋስያንንም ይገድላል፤ እርሳስ ግን ተቃጥሎም፣ ተፈጭቶም፣ ፈልቶም ያው እርሳስ ነው። በ2008 በኢንተርኔት የተገዙ 193 ምርቶች ሲመረመሩም አንድ አምስተኛ ያህሉ እነዚህ ማዕድናት ተገኙባቸው፤ ከራሳ ሻስትራዎቹ ደግሞ 40 በመቶው። አሜሪካ ውስጥ የተመረቱትም የተሻሉ አልነበሩም።

እርሳስ አጥንት ውስጥ ለዓመታት ይከማቻል። በእርግዝና ጊዜ ወደ ደም ይመለሳል፣ በእንግዴ ልጁ በኩል አልፎም ገና እየተሠራ ያለውን የሕፃኑን አንጎል ይጎዳል። በ2012 ከኒውዮርክ ከተማ የወጣ ዘገባ የአዩርቬዳ መድኃኒት ወስደው በእርሳስ የተመረዙ ስድስት ነፍሰ ጡሮችን መዝግቧል። አንዲት እናት ለጤናዬ ይበጀኛል ብላ በዋጠችው ነገር ልጇ መጎዳቱ በጣም ያሳዝናል።

ምልክቶቹ ሆድ ቁርጠት፣ ድርቀት፣ ድካምና ደም ማነስ ናቸው፤ ሁሉም በሌላ በሽታ የሚመካኙ። ስለዚህ ታማሚው ካልተናገረ ሐኪሙ እርሳስን ላይጠረጥር ይችላል። ብዙ ሰው ደግሞ እንዳይቆጡት ፈርቶ የባህል መድኃኒት መውሰዱን ይደብቃል።

በአሜሪካም ሆነ በዓረብ አገሮች ያሉ ወገኖቻችን ከሕንድ ሱቆች ቅመም ይገዛሉ፤ የመድኃኒቱ ጠርሙስም እዚያው መደርደሪያ ላይ ነው። «ከተፈጥሮ የተዘጋጀ» የሚለው ጽሑፍ ማዕድን እንደሌለበት አያረጋግጥም፤ ሜርኩሪም ከተፈጥሮ ነው። የወሰደ ሰው፣ በተለይ ነፍሰ ጡርና የሚያጠባ እናት፣ መውሰዱን አቁሞ ደሙ ውስጥ ያለው የእርሳስ መጠን እንዲለካለት ይጠይቅ። ጠርሙሱንም ሳይጥል ከነቀሪው ይዞ ሐኪም ዘንድ ይሂድ፤ ይዘቱ በላቦራቶሪ ሊመረመር ይችላል።