አንድ ሥዕል ለብዙ እጅ፤ ስለ እንሰት መፋቂያ መኪና ሥራና በደመና ስለሚጠበቅ የጋራ መዝገብ

በከምባታ አገር በሀደሮ ከተማ ዙሪያ ጓሮው እንሰት ያልሆነ ቤት ማግኘት ያስቸግራል። እንሰት ዝናም ሲጐድል የሚታገሥ፣ በችግር ቀን ቤተ ሰብን የሚያተርፍ ተክል ነው። በኢትዮጵያ ከእርሱ የሚመገበውም ሕዝብ እስከ 20 ሚሊዮን እንደሚደርስ ይገመታል። ይሁን እንጂ እንሰቱ ቆጮና ቡላ ሆኖ ወደ ገበታ እስኪቀርብ ድረስ ያለው ድካም ሁሉ የወደቀው በሴቶች ላይ ነው። ሴቲቱ መሬት ላይ ተቀምጣ፣ የተላጠውን የእንሰት ሽፋን ዘንበል ባለ ጣውላ ላይ ዘርግታ በእግሯ ትደግፈዋለች፤ በቀርከሃ መፋቂያም እየፋቀች ከቃጫው ትለየዋለች፤ አሚቾውንም በጥርሳም መሣሪያ ትከትፋለች። ይህን ስታደርግ ወገቧና ጕልበቷ ምን ያህል እንደሚጐዳ፣ ሥራውን አንድ ቀን ቆሞ የተመለከተ ሹም አይጠፋውም።

ይህን ድካም ለማቃለል መኪና ለመሥራት የታሰበው ዛሬ አይደለም። በአርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ ያሉ ተመራማሪዎች የእንሰት መፋቂያና መጭመቂያ ሠርተዋል፤ በአዳማ አጠገብ ያለው የመልካሳ የእርሻ ምርምር ማዕከልም ስለ እርሻ መሣሪያ ሲደክም ኖሯል። መኪናው በሐሳቡ ቀላል ነው፤ ስለት የተተከለበት ከበሮ በሞተር እየዞረ ሽፋኑን ይፍቃል። ከበሮው ከደፉ ቢርቅ ሥጋው በቃጫው ላይ ይቀራል፤ ቢጠጋ ደግሞ ቃጫው ይበጣጠሳል። ልዩነቱ የጥቂት ሚሊሜትር ነው፤ በሥዕሉ ላይ የተጻፈው ቍጥር ዋጋ ያለውም ስለዚህ ነው።

አሁን አንድ ወረዳ ለሀደሮ ሴቶች ማኅበር ዐሥር መፋቂያ ሊያሠራ አሰበ እንበል። ሥዕሉን የሚነድፈው መሐንዲስ በሆሳዕና ይቀመጣል፤ ዘንጉን የሚያወጣው የቶርኖ ባለሙያ በዱራሜ ነው፤ እግሩንና ክፈፉን የሚበይደው በያጅ በሀደሮ ይገኛል፤ ሞተሩና ኩሽኔታው ከአዲስ አበባ መርካቶ ይገዛል። አንድ ሰው ሁሉንም አይሠራም፤ ሁሉም ባንድ ቀን አንድ ቤት ውስጥ አይገናኙም። መሐንዲሱ ዘንጉ ቀጭን መስሎት ከ25 ወደ 30 ሚሊሜትር ለወጠው፤ አዲሱንም ሥዕል ለቶርኖው በቴሌግራም ላከለት። ለገዢው ግን ሳይነግር ቀረ። ገዢውም በፊተኛው ወረቀት መሠረት ቍጥር 6205 የሆነውን ኩሽኔታ ገዝቶ መጣ። 6205 የ25 ሚሊሜትር ዘንግ የሚቀበል ነው፤ ለ30 የሚሆነው 6206 ነው። ኩሽኔታው አይገባም፤ በያጁም ክፈፉን በፊተኛው ልክ በይዶ ጨርሷል። የማንም ስንፍና የለም፤ እያንዳንዱ በእጁ ያለውን ሥዕል በታማኝነት ተከትሏል። ጥፋቱ ሥዕሉ ሁለት መሆኑ ነው። በየስልኩ ውስጥ «የመጨረሻው»፣ «እውነተኛው የመጨረሻው»፣ «የመጨረሻው ታርሞ» የሚባል ሰነድ ያላየ የቢሮ ሰው ካለ ዕድለኛ ነው።

እንዲህ ያለ ስሕተት የድኻ አገር ብቻ እንዳይመስል የአውሮጳውን የአውሮፕላን ሥራ መመልከት ይበቃል። ኤርባስ ኤ380 የሚባለውን ታላቅ አውሮፕላን ሲሠሩ፣ የጀርመኑ ሐምቡርግና የፈረንሳዩ ቱሉዝ ሥዕል የሚነድፉበት የኮምፒዩተር ፕሮግራም አንድ ዓይነት አልነበረም። ባንድ አውሮፕላን ውስጥ የሚዘረጋው የኤሌክትሪክ ሽቦ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነበር፤ ከሐምቡርግ የመጣው የሽቦ ጥቅል በቱሉዝ ሲገጠም አጠረ። በ1998 ዓ.ም. ገበያውን ያስደነገጠው የመዘግየት ማስታወቂያ ከዚህ የመጣ ነበር። የመጀመሪያው አውሮፕላን ለገዢው የተሰጠው በጥቅምት 2000 ዓ.ም. ሲሆን፣ ኪሣራው በቢሊዮን የሚቈጠር ሆነ።

ለዚህ የተገኘው ብልኀት በደመና የሚጠበቅ መዝገብ ይባላል። ስሙ ከሰማይ ነው እንጂ ነገሩ ከምድር ነው፤ ሥዕሉና ደብዳቤው በባለሙያው ኮምፒዩተር ብቻ መቀመጡ ቀርቶ፣ ሩቅ ከተማ ባለ የታላላቅ ኮምፒዩተሮች ቤት ይቀመጣል፤ ባለጕዳዮቹም ሁሉ በኢንተርኔት ያንኑ አንዱን ይከፍታሉ። መሐንዲሱ 25ን ወደ 30 ሲለውጥ ለውጡ ከነስሙ፣ ከነቀኑና ከነሰዓቱ ይመዘገባል፤ የፊተኛውም አይጠፋም፤ ገዢውም መልእክት ይደርሰዋል። ኦንሼፕ የተባለው የአሜሪካ ፕሮግራም ከ2007 ዓ.ም. ጀምሮ የመኪና ሥዕል እንደዚህ በጋራ እንዲነደፍ አድርጓል። ገንዘብ የሌለው ወረዳ ግን ፍሪካድ በሚባለው ያለ ዋጋ በሚገኘው ፕሮግራም ነድፎ ሰነዱን በጋራ ማኅደር ቢያስቀምጥም ይበቃዋል።

እዚህ ላይ ልብ የሚባል ነገር አለ። የኮምፒዩተር ፕሮግራም የሚጽፉ ሰዎች ጊት የተባለ መሣሪያ ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ አላቸው፤ ሁለት ሰዎች ያንድን ጽሑፍ ልዩ ልዩ መስመር ቢለውጡ ሁለቱን ያጣምርላቸዋል። የብረት ሥዕል ግን እንደዚያ አይጣመርም፤ የተቈረጠ ብረትም ተመልሶ አይረዝምም። ስለዚህ አንዱ ሥዕሉን ሲያርም ሌላው እንዳይነካው መቈለፍ ያስፈልጋል። ታርሞ ሲያልቅም አንድ ኀላፊ መርምሮ «ይሠራ» ብሎ ፈርሞ፣ ሀ፣ ለ፣ ሐ እያለ ፊደል ይሰጠዋል። ፊደል ያልተሰጠው ሥዕል ወደ ቶርኖ እንዳይሄድ ማዘዝ የመሐንዲሱ ሳይሆን የሹሙ ድርሻ ነው፤ ገንዘቡን የሚፈቅድ እርሱ ነውና።

ከሥዕሉ ጋራ የዕቃዎች መዝገብ አብሮ ይኑር። በእያንዳንዱ መስመር የዕቃው ቍጥር፣ ስሙ፣ ልኩ፣ ብዛቱና ከየት እንደሚገዛ ይጻፍ። መለኪያውም ይጠቀስ፤ በአገራችን ገበያ ቱቦ በኢንች፣ ላሜራ በሚሊሜትር ይሸጣልና «2» ብሎ ብቻ መጻፍ ጠብ መዝራት ነው። አሜሪካኖች በመስከረም 1992 ዓ.ም. ወደ ማርስ የላኩትን መንኰራኵር ያጡት፣ አንዱ ወገን በእንግሊዝ መለኪያ ሌላው በሜትር መለኪያ ስላሰላ ነው።

ማኅደሩ በማን ስም እንደሚከፈትም ይታሰብበት። ብዙ ጊዜ ትጉ የሆነ አንድ ወጣት ባለሙያ በገዛ ስሙና በገዛ ስልኩ ይከፍተዋል፤ ወደ ሌላ ወረዳ ሲዛወርም መዝገቡ አብሮት ይሄዳል። በመሥሪያ ቤቱ ስም ተከፍቶ፣ መክፈቻው በሁለት ኀላፊዎች እጅ ቢሆን ይህ አይደርስም። መለወጥ የሚችለው መሐንዲሱ፣ አስተያየት መጻፍ የሚችሉት የቶርኖውና የብየዳው ባለሙያዎች፣ ማየት ብቻ የሚችለው ገዢው እንዲሆን ሥልጣኑ ይከፈል።

ኢንተርኔት ሁልጊዜ አለ ብሎ መተማመን ግን አይገባም። በሰኔ 2012 ዓ.ም. መጨረሻ በአገሩ ሁሉ ተቋርጦ ሦስት ሳምንት ያህል ሲቈይ፣ መዝገቡን በደመና ብቻ ያኖረ ሰው ሥራውን አቁሞ መቀመጡ የማይቀር ነበር። መብራትም በክረምት ይጠፋል። ስለዚህ ፊደል የተሰጠው ሥዕል ታትሞ፣ ፊደሉና ቀኑ በጕልህ ተጽፎበት በየሥራ ቤቱ ግድግዳ ይለጠፍ፤ አዲስ ሲመጣ አሮጌው በዚያው ቀን ተቀዶ ይነሣ።

የመጨረሻው ጕዳይ ከሁሉ ይልቅ የሚዘነጋው ነው። መፋቂያውን የሚፈትኑት ሴቶች የሚናገሩት በከምባትኛ ነው፤ አስተያየታቸውም በአፍ ቀርቶ ከሥዕሉ አይደርስም። ቋንቋውን የምታውቅ አንዲት የልማት ሠራተኛ ቃላቸውን በስልክ ድምፅ ቀድታ ከሥዕሉ ጐን ብታኖረው፣ መሐንዲሱ ደፉ ለተቀመጠች ሴት ከፍ ማለቱን ወይም የሞተሩ ንዝረት እጅ ማደንዘዙን ከሆሳዕና ሆኖ ይሰማል። ሌላም የሚነግሩት ይኖራል። የእንሰት አጠውልግ በሽታ ከታመመ ተክል ወደ ጤነኛው በስለት ይተላለፋል፤ የሀደሮ ሰው ደግሞ ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ ዝንጅብሉን ሌላ አጠውልግ ሲያጠፋበት አይቷልና ስለ በሽታ ሲነገረው ያደምጣል። ከጓሮ ወደ ጓሮ የሚዞር መኪና ስለቱ በእሳት ወይም በበረኪና ካልጸዳ በሽታን ተሸክሞ ይዞራል። ስለዚህ ስለቱ በአራት ቡሎን ብቻ ተይዞ በቀላሉ የሚፈታ እንዲሆን በሥዕሉ ላይ ይጻፍ፤ ቡሎኑና ዳዶውም በዕቃዎች መዝገብ ቍጥራቸው ይታወቅ፤ ከዓመት በኋላ አንዱ ሲጠፋ የማኅበሯ ሰብሳቢ ቍጥሩን ብቻ ተናግራ እንድታስገዛ።